ከዘመን ጋር የዞረው የምስጢር ቁጥር

ሰው ሲያረጅ ሁለት ነገር ይበዛበታል፤ ምክርና ሳል። ለሁለቱም ጆሮ የሚሰጥ ስለሚያጣ ምክሩንም ሳሉንም ለግድግዳ ያሰማል። በእኔ ላይ ግን ዘመኑ ሦስተኛ ጨመረብኝ፤ የምስጢር ቁጥር። ይህንን ለግድግዳ እንኳ እንዳላሰማ አስጠንቅቀውኛል። እንግዲህ ዛሬ ለእናንተ ልናገር ነው፤ አትደንግጡ፤ የምነግራችሁ የሞተውን ቁጥር ነው። በሕይወት ያለውን ግን በቅዱሳን ስም ብትለምኑኝም አልነግራችሁም። ምክንያቱን ስትደርሱበት ትፈርዱልኛላችሁ።

የምኖረው በፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከወረታ ወደ ይፋግ ሲሄዱ ከርብ ወንዝ ወዲህ ባለች ደብር ነው። ሥራዬ ባሕረ ሐሳብ ማስተማር ነው፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ፣ ከእኔ ፊደል ያልቆጠረውም ጭምር፣ «የኔታ» ይለኛል። ባሕረ ሐሳብ የዘመን ቆጠራ ትምህርት ነው። በእርሱ መሠረት ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ አንዱ አበቅቴ፣ ሁለተኛው መጥቅዕ ይባላል። ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚታወቀው ከእነርሱ ነው። ዓመት በተለወጠ ቁጥር ሁለቱም ይለወጣሉ፤ የማይለወጠው ድምራቸው ነው፤ ዘወትር ሠላሳ። አንዱን ያወቀ ሌላውን ሳይጠይቅ ያውቃል። ትምህርቱ ከዚህ እጅግ ይሰፋል፤ ለእኔ መከራ ግን ይህ ይበቃል።

ገንዘብ በእኔ ዕድሜ እየቀለለ ሄዷል። አባቴ ለመምህሬ ድካም የከፈለው በእህል ነበር፤ እህሉ በአህያ ተጭኖ ሲያልፍ መንደሩ ያየዋል፣ አህያይቱም በጀርባዋ ታውቀዋለች። እኔ ለአቅመ አዳም ስደርስ ገንዘብ ሳንቲም ሆነ፤ በኪስ ውስጥ ሲንሿሿ ይሰማል። ቀጥሎ ወረቀት ሆነ፤ ድምፁ ጠፋ፣ መልኩና ሽታው ግን ነበሩ። አሁን መልኩም ሽታውም ቀርቶ ቁጥር ብቻ ሆነ። ሥጋው አልቆ ስሙ ብቻ የቀረ ነገር እኔ የማውቀው አንድ ነው፤ እርሱንም በጸሎተ ፍትሐት እናስበዋለን።

በደብራችን ዲያቆኑ ጃንጥላ ዘቅዝቆ በምእመናን መካከል የሚዞረው ዛሬም አልቀረም። ነገር ግን ከጃንጥላው ጫፍ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተሰፍቶበታል። ምእመናን ስልካቸውን ያወጣሉ፤ አንዱ ይልካል፣ አንዱ «ኔትወርክ እምቢ አለኝ» ይላል፣ አንዱ እግረ መንገዱን የመጣለትን መልእክት አንብቦ ይስቃል። በደጀ ሰላሙ የሚቀመጠው ዓይነ ስውር ለማኝ ደግሞ «ብሩ ስልኬ ውስጥ ነው» የሚል መልስ ስለበዛበት አንድ ቀን «እንግዲያውስ ስልክዎን ያስጨብጡኝና እርሱን ልመርቀው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለመንፈግ ከዚህ የተሻለ ጥበብ ከአዳም ጀምሮ አልተገኘም።

እኔም ወደዚህ ጥበብ የገባሁት በፈቃዴ አይደለም። አምና በኅዳር የደብሩ ጉባኤ የካህናቱና የመምህራኑ ደመወዝ በስልክ እንዲከፈል ወሰነ። ወረታ ወርጄ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚገናኙበት መስቀለኛ አጠገብ ካለው ቢሮ መስኮት ቀረብሁ። በመስኮቱ ውስጥ ሐና የምትባል ትሑት ልጅ ነበረች። ባለ ባትሪውን ስልኬን ተቀብላ፣ «አባቴ፣ በኮከብ ይጀምራሉ፤ በመሰላል ይጨርሳሉ» ስትለኝ ደስ አለኝ። ከኮከብ ተነሥቶ በመሰላል የሚፈጸም ነገር በእኛ ትምህርት ስለ ሰማይ እንጂ ስለ ዘይትና ስለ ጨው ሆኖ አያውቅም።

«አሁን አራት አሃዝ ይምረጡ» አለችኝ። «እርስዎ የማይረሱት፣ ሌላ ሰው የማያውቀው ይሁን። የልደት ቀንዎን አያድርጉት።»

«በእርሱ እንኳ አትስጊ፤ እናቴ የነገረችኝ አንበጣ በመጣ ዓመት እንደተወለድሁ ነው። አንበጣ ደግሞ በአሃዝ አይጻፍም።»

የማልረሳው ቁጥር ምን እንደሆነ አሰብሁ። የሰው ስም ረስቼ አውቃለሁ፤ በትሬን ረስቼ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜም በበዓለ ሃምሳ ጾሜ ውያለሁ። የዘመኑን አበቅቴና መጥቅዕ ግን ረስቼ አላውቅም። አበቅቴው አንድ፣ መጥቅዑ ሃያ ዘጠኝ ነበር። ስለዚህ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ዘጠኝ ብዬ ነካሁ። ሐና እንዳታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችልኝ። የዋህ ልጅ! ያንን ቁጥር እኔው ራሴ መስከረም አንድ ቀን በዐውደ ምሕረቱ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለአጥቢያው ሕዝብ ሁሉ አውጄው ነበር። ምስጢሩን በዓመት አንድ ጊዜ በአደባባይ የሚያውጅ ባለገንዘብ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ባለቤቴ አትጠገብ ይህን ሁሉ ነገር አልወደደችውም። የእርሷ ባንክ የነጠላዋ ጫፍ ነበር። ቋጥራ ታስራለች፤ ስትፈልግ በጥርሷ ትፈታለች፤ ጥርሷ ሲወልቅም በሌላው ጥርሷ ትፈታለች። ክረምት ሲገባ ከወንፈል ጓደኞቿ ጋር፣ ማለት አንዷ ለሌላይቱ ማሳ በየተራ ከምትውልላቸው ሴቶች ጋር፣ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆማ ሩዝ ታርማለች። ሳቋ ከማሳው እስከ ደብሩ ይሰማል። እኔ ለተማሪዎቼ የጨረቃን ሌሊት ሳስቆጥር የእርሷ ሳቅ ቁጥሬን ያሳስተኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ሰው ልኬ ዝም እንድትል አዝዣለሁ። አሁን ማንም አያሳስተኝም።

ባለፈው ክረምት ታመመች። ወደ ባሕር ዳር ለማሳከም ጊደራችንን ይፋግ ገበያ አወጣሁ፤ ከሐሙሲት የመጣ ነጋዴ ገዛት። ጥሬ ብር አልያዘም፤ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና ጊደሬን ነድቶ ሄደ። እኔም ባዶ ገመድና አንድ መልእክት ይዤ ቤቴ ገባሁ።

«ጊደሪቱስ?» አለችኝ አትጠገብ ከተኛችበት።

«ተሸጠች።»

«ብሩስ?»

ስልኩን አሳየኋት። እያገላበጠች አየችው።

«ይኸ ነገር ጊደር የሚያህል ዋጠና ሆዱ እንኳ አልተነፋም?»

«ቁጥሩ እኮ እዚህ ላይ ተጽፏል፤ ተመልከችው።»

«እኔ ጽሑፍ አላረባሁም፤ ጊደር ነው ያረባሁ። እርስዎ የኔታ፣ ዕድሜዎን ሙሉ የማይታየውን ሲቆጥሩ ኖረው አሁን ደግሞ የማይታየውን ሊያበሉን ነው!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ።

በሳምንቱ የሐኪም ቤቱ ቀጠሮ ደርሶ ባጃጁ ከደጃችን ቆሞ ሳለ፣ እኔ በትሬን ስፈልግ፣ እጄን ያዘችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ «እርስዎ» ስትለኝ የኖረች ሴት በዚያች ቀን «አንተ» አለችኝ።

«ባጃጁን አሰናብተው፤ አያደርሰኝም። አርባዬን ግን አደራ። ካህናቱ ከእኔ በፊትም በልተዋል፣ ከእኔ በኋላም ይበላሉ። እነዚያን ውኃ ውስጥ አብረውኝ የቆሙትን ሴቶች አስቀድምልኝ። የሰው ድግስ በመጣ ቁጥር ከዳስ ኋላ ሆነው ድስት ሲያጥቡ ነው የኖሩት። በእኔ ተዝካር ላይ ከዳሱ መካከል ይቀመጡ፤ አንተ አሳልፍላቸው።»

«እኔ?»

«አንተ። በገዛ እጅህ። ከጊደሬ።»

ይህ ነበር አደራው። ባጃጁ ባዶውን ተመለሰ። ቀኑ መቼ እንደነበረ አልነግራችሁም።

በቤት የነበረው ጥሬ ብር ለመግነዙና ለቀብሩ ወጣ። የጊደሪቱ ዋጋ ግን ሳይነካ በስልኬ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ አርባው በእርሱ እንደሚወጣ አምኜ ልቤን አሳረፍሁ። በዚህ መካከል ዘመኑ ተለወጠ። ዕለተ ቅዱስ ዮሐንስ በዐውደ ምሕረቱ ቆምሁ፤ ማቴዎስ ለማርቆስ እንዳስረከበ፣ አበቅቴው ዐሥራ ሁለት፣ መጥቅዑ ዐሥራ ስምንት እንደሆነ አወጅሁ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም በኀዘኔ ላይ ሆኜ፣ ቁጥሮቹ እንደ ልማዳቸው ሠላሳ ሲሞሉ አይቼ ጥቂት ተጽናናሁ። ሰው ቢጎድልም ሠላሳ አይጎድልም ብዬ።

ተዝካሩ ሲቃረብ ወረታ ወረድሁ። ሰይድ የሚባል የእህልና የዘይት ነጋዴ አለ፤ አባቱም አያቱም ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሚዛኑ እንደማይዋሽ ሜዳው ሁሉ ይመሰክርለታል። ጤፉን፣ ምስሩን፣ ዘይቱን፣ በርበሬውን አስለክቼ ከደጃፉ አስቆለልሁ። ስልኬን አወጣሁ። ከኮከብ ተነሣሁ። የምስጢር ቁጥር ሲለኝ ሳላመነታ ዐሥራ ሁለትና ዐሥራ ስምንት አልሁት።

አይደለም አለኝ።

አስተውሉ፤ እኔ የያዝሁት አሃዞቹን አልነበረም። የያዝሁት ሥርዓቱን ነበር። «የምስጢር ቁጥርህ ምንድን ነው?» ብሎ ነፍሴን ቢጠይቃት «አበቅቴና መጥቅዕ» ብላ ነው የምትመልሰው፤ አበቅቴና መጥቅዕም ማለት የተያዘው ዘመን ነው። ያለፈውን ዓመት አበቅቴ በአዲሱ ዓመት የሚጠራ ተማሪ ቢኖረኝ ከጉባኤዬ አስወጣዋለሁ።

ስለዚህ መጥቅዑን አስቀድሜ ሞከርሁ። አይደለም አለኝ። ምናልባት ጣቴ ተንሸራትቶ ይሆናል ብዬ የፊተኛውን ቀስ ብዬ፣ ዳዊት እንደሚቆጥር ሕፃን አንድ በአንድ እየነካሁ ደገምሁት። ስልኩ ጥቂት አሰበ። ከዚያም ለደኅንነቴ ሲል እንደተዘጋ አስታወቀኝ። ለደኅንነቴ!

«የኔታ፣ ቁጥሩን ረሱት?» አለኝ ሰይድ።

«ረሳሁት? እኔ? ከአዳም ጀምሮ ዘመን የምቆጥር ሰው?»

«አዳምማ ፒን አልነበረውም።»

«ቁጥሩን ነግሬዋለሁ፤ ያልተቀበለኝ እርሱ ነው።»

«የትኛውን ነገሩት?» ብሎ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። «አይ፣ ለእኔ አይንገሩኝ! ምስጢር ነው።»

«ምን ምስጢር አለው፤ የዘመኑ አበቅቴና መጥቅዕ ነው።»

ሰይድ አስተዋይ ሰው ነው። «የኔታ፣ ይኸን ነገር የከፈቱት መቼ ነው?» አለ።

«አምና በኅዳር።»

«እንግዲያው እኛም ዘንድ ጨረቃ ትዞራለች፣ እናንተም ዘንድ ጨረቃ ትዞራለች፤ ስልክ ግን አይዞርም። የአምናውን ይዞ እርስዎን እየጠበቀ ነው» አለኝ።

በዚያች ቅጽበት ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አርባ ዘመን የተማርሁትና ያስተማርሁት እውቀት፣ የሰማይን ዑደት የሚለካው እውቀት፣ ከጤፍ ከረጢት ፊት አዋረደኝ። የአምናውን ቁጥር አስታወስሁት፤ ነገር ግን በተዘጋ ደጅ ላይ ትክክለኛው ቁልፍም ብረት ነው።

ሰይድ በመልካም ልብ፣ «ይውሰዱት፤ ሲከፈት ይሰጡኛል» አለኝ። እኔ ግን አትጠገብ በሕይወቷ በዱቤ ጨው እንኳ ገዝታ እንደማታውቅ፣ «ከጊደሬ» እንዳለችኝም አስቤ እምቢ አልሁ። አሁን ሳስበው ከልቤ ይልቅ ጥምጥሜ ነው የመለሰለት። ከሱቁ ወጥቼ በመስቀለኛው መካከል አምናንና ዘንድሮን እያወዳደርሁ ስቆም አንድ የጭነት መኪና ከኋላዬ ጮኸብኝ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «አባ፣ መሞት ቢያምርዎ እንኳ ትንሽ ዳር ይውጡልን!» አለኝ። ዳር ወጣሁ። ተራዬ እንዳልደረሰ ገባኝ።

ከሐና መስኮት ስደርስ ሰልፉ ከደጅ አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። ተራው እንደ ደረሰኝ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋት፤ ስለ ጨረቃ ሌሊትም ጨምሬ።

«ቁጥሩን ከእርስዎ በቀር ማን ያውቀው ነበር?» አለች እየጻፈች።

«አጥቢያው ሁሉ።»

ብዕሯ ቆመ። «ማለት?»

«ከይፋግ እስከ ወረታ ባሕረ ሐሳብ የቆጠረ ሁሉ። ያልቆጠረም ዕለቱን ከቤተ ክርስቲያን ካልቀረ።»

«አባቴ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት አልተሰረቁም?»

«የባሕረ ሐሳብ ሌባ እስካሁን አልተፈጠረም፤ ትምህርቱ ሳያልቅ ዕድሜው ያልቃል።»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሳቀ፤ ሐናም ሳቀች። እኔ ግን ለማሳቅ አልመጣሁም ነበር። «ልጄ፣ የባለቤቴ አርባ ቀርቧል» አልኋት። ሳቋን ዋጠችው። ዋናው ሰውዬ እኔ መሆኔን በፊቴ ማረጋገጥ ብቻ እንደሚቀር፣ እርሱም ዛሬውኑ እንደሚያልቅ ነገረችኝ። ወዲያው መብራት ጠፋ። በልጅነቴ ገንዘብ ያዡ ለቅሶ ሄዶ ሣጥኑ ተቆልፎ ይቆይብን ነበር፤ የማንን መመለስ እንደምንጠብቅ ግን እናውቅ ነበር። አሁን ሁላችን ወደ ጣሪያው አንጋጠን፣ ማንን እንደምንጠብቅ ሳናውቅ ጠበቅን። አልመጣም።

በማግስቱ ተመለስሁ። መብራት ነበረ። ሐና አንድ ትንሽ ካሜራ ወደ ፊቴ አቀናች።

«ዓይንዎን ጨፍነው ይግለጡ።»

ጨፈንሁ። በዚያው ጸሎት ጀመርሁ፤ ልማድ ነው። «አባቴ፣ ይግለጡ እንጂ!» አለችኝ። ገለጥሁ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ዞርሁ። ማሽኑ አሰበ።

«ፊቱ አልተመሳሰለም ይላል» አለችኝ።

«ከማን ፊት ጋር?»

በአዲሱ መታወቂያዬ ላይ ያለውን ፎቶ አዞራ አሳየችኝ። አንድ ጉንጩ የሞላ፣ ጥርሱ የታየ ሽማግሌ ይስቃል። ያ ቀን ትዝ አለኝ። ፎቶ ሲያነሡኝ አትጠገብ ከአንሺው ጀርባ ቆማ ነበር፤ «የኔታ፣ ጥምጥምዎን ያቅኑት፤ ሙሽራ ሊመስሉ ነው፤ የምትሰርቅዎ እንዳትገኝ!» ብላ አስቃኝ ነበር። አንሺውም ያንን ሳቅ ለዘለዓለም አትሞ ወደ ማሽኑ አስገብቶታል።

ከእርሷ ሞት ወዲህ ሥጋዬ አልቋል፤ ጉንጬ ጎድጉዷል፤ ጺሜንም አልተስተካከልሁትም። ማሽኑ አላወቀኝም። አልፈረድሁበትም፤ እኔም ራሴን በመስተዋት ሳየው ማን ነህ እለዋለሁ።

«እስቲ አንድ ጊዜ ፈገግ ይበሉ፤ ፎቶው ላይ እንዳሉት» አለችኝ ሐና በልመና ድምፅ።

ሞከርሁ። ከንፈሬን በሁለቱም በኩል ሳብሁት። ማሽኑ አይደለም አለ። ደግሜ ሞከርሁ። ከሰልፉ አንዲት ሴት፣ «ኧረ ተይዋቸው፤ እያለቀሱ እኮ ነው!» አለች። እኔ የሳቅሁ መስሎኝ ነበር።

ሐና ጉዳዩን ወደ በላይ ቢሮ እንደምትልከው፣ መልሱም ጥቂት ቀናት እንደሚወስድ ነገረችኝ። ጥቂት ቀናት የሚባሉት ከአርባው ማዶ ናቸው። እንግዲህ የሰውን ውድቀት ተመልከቱ፤ አበቅቴ ያልዘጋው ደጅ ቢኖር ሳቅ ማጣት ዘጋው።

ቤቴ ገብቼ በመደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ገንዘቡ በእጄ ነበረ፤ በእጄ አልነበረም። አደራው ግን በእርግጥ በላዬ ነበረ። በዚህ ላይ ሳለሁ ወይዘሮ ብርቄ መጣች፤ የወንፈሉ መሪ፣ የአትጠገብ የልብ ጓደኛ ናት።

«እንዴት ዋሉ የኔታ። ስልክዎ ጾም ገባ አሉ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ወረታ ያልሰማ የለም። ባጃጆቹ እንኳ ‹ዘንድሮ አበቅቴ ስንት ነው› እየተባባሉ ነው የሚጫወቱ።» አጠገቤ ተቀመጠች። «ሟቿ እኮ ይኸን አውቃዋለች። ማሳው ውስጥ ቆመን፣ ‹ስልኩ ጊደሬን ውጧል፤ ሲያመነዥክ ብቻ ንገሩኝ› ብላ በሳቅ ገድላናለች።»

«በምን ቀን? ታማ አልነበረም?»

«ታማማ ነበር። እርስዎ ጉባኤ ሲሄዱ በበትር እየተደገፈች ትመጣ ነበር። ልትሰናበተን ነው የመጣችው አላልን፤ ልታስቀን ነው የመጣችው አልን እንጂ።»

አላውቅም ነበር። ከቤቴ ያለችውን ሴት ከማሳ ሆነው የሚያውቋት እነርሱ ነበሩ። አደራዋንም ነገርኋት፤ በመካከል ተቀምጠው፣ እኔ አሳላፊ ሆኜ፣ ከጊደሪቱ ዋጋ። ብርቄ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ወዲያውም መለሰችው።

«እርስዎ ዳሱን ብቻ ይጣሉ» ብላ ተነሣች።

በአርባዋ ዕለት ፍትሐቱ አልቆ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሴቶቹ በሜዳው ጭቃ ላይ በሰልፍ መጡ። አንዷ እንጀራ በመሶብ፣ አንዷ ወጥ በድስት፣ አንዷ ጠላ በእንስራ ተሸክማለች። እኔም የተባልሁትን አደረግሁ። ከዳሱ መካከል አስቀመጥኋቸው። ካህናቱ በደጅ ቆመው ተያዩ፤ አንዱ ቄስ፣ «የኔታ፣ ሥርዓቱ ዞረ?» አለኝ። «ዘመኑ ዞሯል፤ ይታገሡ» አልሁት። ጥምጥሜን ጠምጥሜ፣ ነጠላዬን አደግድጌ፣ ወጥ ማሳለፍ ጀመርሁ። የመጀመሪያውን ጭልፋ በብርቄ ጉልበት ላይ አፈሰስሁት።

«ውይ! ይኸ እጅ ጨረቃ እንጂ ወጥ አልያዘም!» አለች፤ ሴቶቹም በዳሱ ውስጥ ሳቁ። ልክ እንደ ማሳው። ከመካከላቸው አንድ ድምፅ ብቻ ጎድሎ ነበር፤ ሁላቸውም ለእርሱ ቦታ ትተው የሳቁ መሰለኝ።

አደራውን ፈጸምሁ ልበል? በመካከል ተቀመጡ፤ በገዛ እጄ አሳለፍሁ። ነገር ግን ያበላኋቸው ራሳቸው ተሸክመው ያመጡትን ነው። ከጊደሪቱ አንዲት ጉርሻ አልቀመሱም። ከእኔ የቀረበላቸው የፈሰሰው ብቻ ነው።

ከአርባው በኋላ፣ ማንም በማይቸኩልበት ጊዜ፣ ስልኩ ተከፈተ። ሐና አስጠርታኝ፣ «ከበላይ ፈቅደዋል፤ አሁን አዲስ ቁጥር ይምረጡ» አለችኝ። «አደራዎን፣ ከጨረቃ ጋር የማይዞር ይሁን።»

ከመስኮቱ ሥር ቆሜ የማይዞር ቁጥር ፈለግሁ። በዓላቱን አሰብሁ፤ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሠላሳን አሰብሁ፤ ሁለት አሃዝ ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን ታየኝ፤ ቀኑ ሁለት አሃዝ፣ ወሩ ሁለት አሃዝ። ባጃጅ ከደጄ ባዶውን የተመለሰበት ቀን ነው። ዘመን ቢዞር፣ ማርቆስ ለሉቃስ ቢያስረክብ፣ እርሱ ከቦታው አይነቃነቅም። አራቱን አሃዝ ነካሁ። ሐና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር፤ በዚህ ጊዜ በእውነት ማየት የማይገባት ነገር ነበረ።

ቤቴ ስደርስ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ዳግመኛ ሞኝ ሆንሁ፤ ይህንንም አጥቢያው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁሉም ቀባሪ ነበረ ብዬ ተጨነቅሁ። ለዚህ ነው ለእናንተም ቀኑን የሸሸግኋችሁ፤ አርባው መቼ እንደዋለም ያልጠቀስሁት ወደ ኋላ እንዳትቆጥሩ ነው። ባሕረ ሐሳብ የቀመሰ አንባቢ አይታመንም።

ኅዳር ገባ፤ ሩዙ ደረሰ። ሴቶቹ በወንፈላቸው የአትጠገብን ማሳ ሊያጭዱልኝ መጡ፤ እኔም ከነማጭዴ ወጣሁ፤ ከማጨዴ ይልቅ መንገድ መዝጋቴ ይበዛ ነበር። ዕረፍት ላይ ስሟ ተነሣ።

«ርብ የሞላ ሰሞን ነበር እኮ ያረፈች» አለች አንዷ።

«የለም፣ ውኃው ከጎደለ በኋላ ነው፤ በደረቅ አይደል የቀበርናት?» አለች ሌላይቱ።

«ምን ደረቅ አለ፤ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ የቀረ በእርሷ ቀብር ነው» አለች ብርቄ። «ዕለቱ እንኳ ማክሰኞ መሰለኝ። ወይስ የገበያ ቀን ነበር?»

ተከራከሩ። ሳቋን ያስታውሳሉ፤ ቀልዷን አንድ በአንድ ያስታውሳሉ፤ ቀኑን ግን አንዲቱም አላወቀችውም። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔታ፣ እርስዎ ቀን አዋቂ ነዎት፤ መቼ ነበር?»

አፌን ከፈትሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀን ተጠይቄ ያልመለስሁበት ጊዜ የለም። ከዚያ መልሼ ገጠምሁት፤ ማጭዴን አነሣሁና ወደ ሩዙ አጎነበስሁ።

«አይ እርጅና፤ ረሱት» ስትል ብርቄን በስተኋላዬ ሰማኋት። አላረምኋትም። ቁጥሬ እንደተጠበቀ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰይድ ዘንድ ስሄድ፣ ጨውም ልግዛ ዘይት፣ ስልኩ ያንን ቀን ይጠይቀኛል። አንድ በአንድ እነካለታለሁ፤ ቀኑን፣ ቀጥሎም ወሩን። ጥቂት ያስባል። ከዚያም «ተሳክቷል» ይለኛል።